የተሰጠ ሐረግ አይጸድቅም

የሰረቀውን ሁሉ መልሶ ለሰው የሚያድል ሰው ሌባ ነው ወይስ ሌላ ስም አለው? እትዬ ሮማነወርቅን ካወቅሁ ጀምሮ ይህ ጥያቄ አብሮኝ ይውላል፤ አብሮኝም ያድራል። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። መፈለጉንም ትቼዋለሁ። ደክሞኛል።

እንደ እርሳቸው ያለች ሴት በየሰፈሩ አንድ አትጠፋም። ውኃ በፈረቃ እንኳ የማይደርሰው ሰፈር አለ፤ መንገዱ ክረምት በገባ ቁጥር የሚጠፋ ሰፈር አለ፤ ቀንበጥ ለቃሚ የሌለበት ሰፈር ግን ገና አልተቆረቆረም። ታውቋታላችሁ። ቤታችሁ ስትመጣ እናንተን ስማ ሳትጨርስ ዓይኗ በረንዳው ላይ ያለው ጣሳ ላይ ያርፋል። «ይቺ ደግሞ ምን ትባላለች?» ትላለች፤ ስሟን ከእናንተ በላይ እያወቀች። ስትወጣ ነጠላዋ ስትገባ ከነበረው አበጥ ብሏል። በነጋታው ጌራኒየማችሁ አንድ ክንዱን አጥቶ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

የእኔዋ አከራዬም ናቸው። ክብርት እትዬ ሮማነወርቅ፣ የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ ቀንበጦች ሁሉ ባለአደራ! ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እኖራለሁ ማለቴ፣ አበቦቹ እስከፈቀዱልኝ ድረስ። እዚያ ግቢ ውስጥ ታቹ ቀዳዳ ከሆነ ማንኛውም ዕቃ የአበባ ማሰሮ ነው፤ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ በምስማር ይበሳለታል። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ውስጥ ዛሬ እሬት በቅሏል። ጀሪካኔ ለሁለት ተቆርጦ መንታ ወልዷል። አንድ ቀን ጫማዬን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ስመለስ እትዬ ሮማነወርቅ ግራውን አንስተው ሶሉን በጥሞና ሲመረምሩ አገኘኋቸው።

«አፉ ሰፊ ነው» አሉኝ።

«እግሬ ይገባበታል፣ እትዬ።»

«እሱማ ያልፋል» አሉና በቅሬታ አስቀመጡት።

የሚመሩበት ሕግ አላቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ ማሻሻያም የለውም፦ «የተሰጠ አይጸድቅም። የሚጸድቀው የተሰረቀ ነው።» ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። በግቢው ካለው ተክል ሁሉ አላዋቂው እኔ መሆኔን በሚናገር ዓይን አዩኝ።

«ተክል ኩሩ ነው፣ ወንዲ። ሲሰጡት እንደተጣለ ይቆጥረዋል። ሲሰርቁት ግን እንደተፈለገ ያውቃል።»

ሕጉ ለእርሳቸውም ለሌላውም እኩል ይሠራል። ሰው መጥቶ ከእርሳቸው ግቢ አንዲት ቀንበጥ ከለመነ አይሰጡም፤ አይከለክሉምም። ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞሩና ሰማይ ሰማይ እያዩ «ዛሬስ ሊዘንብ ነው መሰለኝ» ይላሉ። ይህን የሚሉት የጥር ፀሐይ ቆርቆሮ በሚያቀልጥበት ቀትር ላይ ነው። እንግዳው እስኪገባው ቆሞ ያያቸዋል። ሲገባው ጎንበስ ይላል፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። እትዬ ሮማነወርቅ ዞር ብለው «አይ፣ አይዘንብም» ይላሉ። ግብይቱ ተፈጸመ።

አሸዋ ሜዳ ለቅሶ የሄድን ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ሟቿ የድሮ ጓደኛቸው ነበሩ። ልቅሷቸው የውሸት አልነበረም፤ ድንኳኑን ያስለቀሰው የእርሳቸው ልቅሶ ነው። መሐል ላይ «እጄን ልታጠብ» ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ፤ ቆይተው ተመለሱ፤ እንደገና አለቀሱ። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ነጠላቸውን ፈታ ሲያደርጉ የጥብስ ቅጠል ሽታ ሚኒባሱን ሞላው።

«እትዬ! ከለቅሶ ቤት?»

«እሷ ነበረች የምታጠጣው» አሉኝ፤ ዓይናቸው ገና እንደቀላ ነው። «አሁን ማን ያጠጣዋል?»

በሚቀጥለው ፋሲካ የሟቿ ባል ሊጠይቃቸው መጣ። የጓሮው የጥብስ ቅጠል ሚስቱን ተከትሎ እንደደረቀ እያዘነ ነገራቸው። እትዬ ሮማነወርቅ ጉልበት ወደደረሰው የጥብስ ቅጠል ቁጥቋጦ አጠገብ ወሰዱት፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ።

ሁሉ ጸድቆላቸዋል። አንድ ነገር ብቻ እምቢ ብሏቸው ነበር። እሱም የአዞ ሐረግ ነው።

የአዞ ሐረግን ያላየ የለም፤ ስሙን የማያውቀው ግን ብዙ ነው። ለምን የአዞ እንደተባለ እኔም አላውቅም፤ ቡራዩ ውስጥ አዞ አይቼ አላውቅም። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ስትወርዱ፣ ወይም ከሰበታ በላይ ወደ ሱባ ደን ስትወጡ፣ ጽዱና ቀጋው ላይ ተንጠልጥሎ በጥቅምት ነጭ ሆኖ የሚፈስሰው እሱ ነው። ኅዳር ሲገባ አበባው ይሸብታል፤ እያንዳንዱ ፍሬ የላባ ጭራ ያወጣና አጥሩ በሙሉ ያረጀ ሰው ፀጉር ይመስላል። እሾህ የለውም። የቅጠሉን አንገት ያገኘው ነገር ላይ ጠምዝዞ ነው የሚወጣው። በጫካ ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ሳያጠጣው ዛፍ ሙሉ ይለብሳል። ግቢ ሲያስገቡት ግን ይሞታል። ቢያንስ በእትዬ ሮማነወርቅ ግቢ።

አንዱን የሰበታ ዘመዳቸው ነቅላ አመጣችላቸው፤ ሞተ። አንዱን ሆለታ አንድ የችግኝ ባለሙያ በጥቁር ፕላስቲክ አድርጎ፣ አጠጣጡን ሁሉ አስረድቶ ሰጣቸው፤ እሱም ሞተ። «ሰጡኛ!» አሉ ሁለቱንም ጊዜ። በሦስተኛው ለመስረቅ ቆርጠው ተነሡ። እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ከሱሉልታ ስንመለስ፣ ቤት በሌለበት ኩርባ ላይ፣ ድንገት «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ።

ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አየ። «እማማ፣ እዚህ እኮ ጅብ ብቻ ነው የሚወርደው!»

ወረዱ። ዳገቱን በጉልበታቸው እየዳሁ ወጥተው ሐረጉን መጎተት ጀመሩ። ሐረጉ ዛፉን አልለቅም አለ፤ እርሳቸውም ሐረጉን። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው መጀመሪያ ተሳደበ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ በመጨረሻ አንድ ደግ ሰው «ይውሰዱት እማማ፣ የማንም አይደለም!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላውም «ውሰዱት! ውሰዱት!» እያለ ተቀበለው። እትዬ ሮማነወርቅ የሐረግ እቅፍ ይዘው ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አበቃለት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ውሰዱት አሉኝ።»

እውነትም ሞተ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይነተኛው የአዞ ሐረግ ያለው እዚያው ደጃፋቸው ላይ ነበር። ከግቢያችን በስተ ምዕራብ ያሉት ጎረቤት ኦቦ ኢቲቻ ናቸው፤ ቡራዩ ገብስ ታበቅል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ያሉ ሰው። ሁለቱን ግቢ የሚለየው የእርሳቸው የድሮ የቀጋ አጥር ነው። ቀጋውን ሙሉ በሙሉ የሸፈነው ሐረግ ደግሞ ሥሩ በኦቦ ኢቲቻ በኩል፣ አበባው በእኛ በኩል ነበር። ኦቦ ኢቲቻ በኦሮምኛ ፊቲ ነው የሚሉት። ከብት እንደማይበላው፣ አባታቸው ግን የጎጆ ማገር ያስሩበት እንደነበር ያወራሉ። እትዬ ሮማነወርቅ ይህን ሐረግ ሊሰርቁት አስበው አያውቁም። «በሬን ስከፍት እዚያው አለ፤ ምን ብዬ እሰርቀዋለሁ?» ይሉ ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ሐረጉ ሸብቶ ባለበት ሰሞን፣ ኦቦ ኢቲቻ በራችንን አንኳኩ።

«አካም ጅርታ፣ ሮማን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኦቦ ኢቲቻ። ይግቡ።»

አልገቡም። ኮፍያቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያዞሩት ጀመር። «ቅዳሜ ቆፋሪዎች ይመጣሉ። ልጆቼ ብሎኬት አሉ፤ ብሎኬት ነው እንግዲህ። እኔ አሁን በቤቴ እንግዳ ነኝ። መሠረቱ በሐረጉ ሥር ነው የሚያልፈው።» ወደ አጥሩ አዩ። «ፊቲውን እንደምትወጂው አውቃለሁ። ሰጥቼሻለሁ። ልጆቹ ነቅለው ያመጡልሻል።»

እትዬ ሮማነወርቅ የበሩን መቃን ያዙ። «ምን አሉ?»

«ሰጥቼሻለሁ።»

«ሁለቴ አሉት!» አሉ ወደ እኔ ዞረው፤ ምስክር እንድሆን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኦቦ ኢቲቻ፣ በእናትዎ፣ መልሰው ይንሱኝ።»

«የሰጠሁትን?»

«አዎ። ይንሱኝና ከዚያ ትንሽ ዞር ይበሉ።»

«የት ልዙር?»

«ወደ ላሚቱ።»

ኦቦ ኢቲቻ የቀስ በቀስ ሰው ናቸው፤ ነገሩ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ሲገባቸው ኮፍያው መዞሩን አቆመ። «ልትሰርቂኝ ነው?»

«ሌላ ምን ምርጫ አስቀሩልኝ?»

«ሂን ታኡ! አይሆንም! ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ሆነሽ ዛሬ ሀቱ፣ ሌባ ላድርግሽ? የኢቲቻ ጎረቤት ቢጨንቃት ሰረቀች ይባል? አባቴም የሰጠውን አልነሳም፤ እኔም አልነሳም። ውሰጂ ብያለሁ!»

«ሦስት!» አሉ እትዬ ሮማነወርቅ፣ ጉንጫቸውን ይዘው።

ይህ ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ሁለቱም ተኳርፈው ዋሉ። ሐሙስ እትዬ ሮማነወርቅ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ እኔና ፈቲያ ነበርን። ፈቲያ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለችው ተከራይ ናት፤ ፒያሳ ልብስ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ለማንም የሚተርፍ ትዕግሥት አይኖራትም።

«ለጋብቻ ሽማግሌ ይላካል» አለችኝ መንገድ ላይ። «ለእርቅ ይላካል። ልስረቅ ብሎ ሽማግሌ የሚልክ ግን ዛሬ አየሁ።»

ኦቦ ኢቲቻ እርጎ አቀረቡልን። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተነሥቼ ቆምኩ። «እንግዲህ ኦቦ ኢቲቻ፣ የመጣነው ለመልካም ነገር ነው…»

«ጢምህ ሳይሞላ ሽማግሌ ሆንክ፣ ወንዲ?»

«ተልኬ ነው።»

«ተቀመጥ። እርጎህን ጠጣ።» ተቀመጥኩ። «ስማ። ሰው ሲለምነኝ እሰጣለሁ። ሲሰርቀኝ እጮኻለሁ። ሦስተኛ ነገር አላውቅም። አልተማርኩም።»

«ኦቦ ኢቲቻ» አለች ፈቲያ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ቆማ፤ «እትዬ አርጅተዋል። ሐረጉም ነገ ከነገ ወዲያ የለም። አንዴ ዞር ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል?»

«አንገቴን ሪህ ይዞታል» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። «አይዞርም።»

ተመልሰን ለእትዬ ሮማነወርቅ እንዳለ ነገርናቸው። አልተቆጡም። ይህ አስደነገጠኝ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ አንድ ጣሳ እንኳ አልነኩም፤ አንድ ቅጠል አልቀነጠቡም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አጥሩን ሲያዩ ዋሉ። ነፋስ ሲመጣ የሐረጉ ሽበት እየበነነ ጉልበታቸው ላይ ያርፍ ነበር፤ አላራገፉትም።

«ታዲያ የሰጡዎትን ተቀብለው ቢሞክሩትስ?» አልኳቸው። «ምናልባት ይጸድቅ ይሆናል።»

«ምናልባት የሚባለው ብዙ ላለው ነው» አሉኝ። «ይህ አንድ ነው ያለው፣ ወንዲ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ጠዋት በሬን ስከፍት መጀመሪያ ‘እንዴት አደርሽ’ የሚለኝ እሱ ነው። ባሌ በሞተ ሰሞንም ሰዉ ሁሉ ሲበተን እሱ ቀርቶ ነበር። አሁን እንግዲህ ብሎኬት ነው ‘እንዴት አደርሽ’ የሚለኝ።»

ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም። ስለ ተክል ሳይሆን ስለ ራሳቸው ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። የውኃ ባልዲያቸውን አንሥቼ የማይጠጣውን ሁሉ ሳጠጣ አመሸሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቆፋሪዎቹ ዶማና አካፋቸውን ተሸክመው መጡ። አለቃቸው ሽመክት የሚባል ግንበኛ ነው፤ ገና ከመድረሱ ገመድ ወጥሮ መስመር ያዘ። መስመሩ ሐረጉን ለሁለት የሚከፍል ነበር። እትዬ ሮማነወርቅ በእኛ በኩል ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አደግድገዋል፤ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ግን የሚያውቁ አይመስሉም።

በዚህ ጊዜ ኦቦ ኢቲቻ ከቤታቸው ወጡ። ዱካቸውን ይዘዋል። የግቢያቸው መሐል ላይ አስቀመጡት፤ ፊታቸውን ወደ ላሚቱ፣ ጀርባቸውን ወደ አጥሩ አድርገው ተቀመጡ። ላሚቱ ገለባዋን ማኘክ ትታ አየቻቸው።

«ይኸውልሽ እንግዲህ» አሏት በአማርኛ። ከላሚቱ ጋር በአማርኛ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። «አንገቴ ዛሬም አልዞርም ብሏል። ከኋላዬ ሰው ቢገባ እንኳ አላይም። በሩም ክፍት ሳይሆን አይቀርም።»

እትዬ ሮማነወርቅ ክንዴን ጨብጠው «አካፋ!» አሉኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሌብነት አላየሁም። በጠራራ ፀሐይ፣ ግንበኞች ተሰልፈው እያዩ፣ ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ልጆች ዛፍ ላይ ወጥተው ነው የሰረቅነው። ሽመክት መጀመሪያ አልገባውም ነበር።

«አባባ፣ ሰዎች ገብተው እየቆፈሩ ነው። ላስቁማቸው?»

«ማን ገባ? እኔ ሰው አላየሁም» አሉ ኦቦ ኢቲቻ ሳይዞሩ። «አንተ ሰው አየህ?»

ሽመክት እኔን አየኝ፤ እትዬ ሮማነወርቅን አየ፤ ሠራተኞቹን አየ። «ኧረ እኔም አላየሁም» አለ በመጨረሻ፤ ዶማውንም አስደግፎ ጥላ ስር ተቀመጠ።

እትዬ ሮማነወርቅ ሐረጉን ጉልበት ድረስ አስቀርተው ቆረጡት። ያ ሁሉ ሽበት ባንዴ ወደቀ። ከዚያ ቆፈርኩ። ሥሩ ከላይ እንደሚታየው አይደለም፤ ክንድ ያክላል፤ ከቀጋው ሥር ጋር ተቆላልፏል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«ላሚቱ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ፤ «ሰው ሐረግ ቢነቅል ኖሮ ሰፋ አድርጎ ነው የሚቆፍረው። አፈሩ መራገፍ የለበትም። ለአንቺ ነው የምነግርሽ።»

ሰፋ አድርጌ ቆፈርኩ። ሥሩን ከነአፈሩ በጆንያ ልናነሣ ስንል ለሁለት አቃተን። ሽመክት ልቡ ደግ ስለሆነ ብድግ አለ። «ቆይ እማማ፣ ላግዝዎት፤ ይውሰዱ—»

«ዝም በል!» ብለን ጮኽን፤ እትዬ ሮማነወርቅ፣ እኔ፣ ፈቲያ ከግቢያችን፣ ኦቦ ኢቲቻም ከዱካቸው ላይ። ሽመክት አፉን በእጁ ይዞ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ጆንያውን በአንድ ጫፍ አነሣልን።

ከእኔ ክፍል ጎን፣ ከደጃፋቸው ፊት ለፊት ተከልነው። ቀኑ ሳይመሽ የሐረጉ ጭማቂ የነካው እጄ እንደተቃጠለ ሰው ውኃ ቋጠረ። የአዞ ሐረግ ጭማቂ ቆዳ እንደሚልጥ እትዬ ሮማነወርቅ ያውቁ ነበር። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «ብነግርህ ትቆፍር ነበር?» አሉኝ።

ፈቲያ እጄን አይታ ራሷን ነቀነቀች። «የሌባ እጅ አይደበቅም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የመጠበቅ ጊዜ ነው። ብሎኬቱ በአንድ በኩል ከፍ እያለ ሄደ፤ በእኛ በኩል ያለው ነገር ደግሞ የተተከለ በትር ይመስል ነበር። ቀረችለት የምንላት ቅጠል ጠቆረችና ወደቀች። ውርጭ መጣ። እትዬ ሮማነወርቅ ሲመሽ በትሩን የሚያለብሱት ነገር ፈለጉ፤ ያገኙት የእኔን ብርድ ልብስ ነው። «አንተ ወጣት ነህ» አሉኝ። ካፖርቴን ለብሼ መተኛት ለመድኩ። ቢያለብሱትም አላመኑትም። አልተኛ አሉ። የበራቸው መወርወሪያ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ከግድግዳው ማዶ እሰማለሁ፤ ሲነጋ ፊታቸው አመድ ይመስላል። እያወሩ ያንቀላፋሉ፤ ምስር እየለቀሙ ያንቀላፋሉ፤ ወዲያው ብንን ብለው በትሩን ያያሉ። ፈቲያ ሐኪም ቤት ይሂዱ ብላ ለመነቻቸው። «እሱ ሳይጸድቅ እኔ አልተኛም» አሏት።

ኦቦ ኢቲቻ ስለ ሐረጉ በቀጥታ መጠየቅ አልቻሉም። ከጠየቁ ማን እንደወሰደው ያውቃሉ ማለት ነው፤ ካወቁ ደግሞ ሰጥተዋል ማለት ነው። ስለዚህ በአዲሱ ብሎኬት ማዶ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«ሮማን! ያ የጠፋብኝ ነገር ወሬው ተሰማ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ኦቦ ኢቲቻ! ሌባው ያውቃል!»

«ሌባውን ብታገኚው ውኃ አታብዛ በይው። ሥሩ ይበሰብሳል።»

«ካገኘሁት እነግረዋለሁ።»

እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሌላ ቤት እየፈለግሁ ነበር። ለደላላ ነግሬያለሁ። ሳፋ የሌለበት፣ ሽማግሌ የማይላክበት፣ ብርድ ልብሴ የእኔ ብቻ የሆነበት አንዲት ክፍል። ደላላው ሁለት ጊዜ አገኘሁልህ ብሎ ደወለልኝ። ሁለቱንም ጊዜ «ትንሽ ልቆይ» አልኩት። ምን እንደምጠብቅ ጠየቀኝ። ለደላላ «በትር» አይባልም።

የጥምቀት ሰሞን አልፎ አንድ ጠዋት፣ እትዬ ሮማነወርቅ አንዲት አራስ ለመጠየቅ ወጥተው ሳለ፣ ብርድ ልብሴን ላነሣ ጎንበስ አልኩ። ከበትሩ ታችኛው አንጓ ላይ፣ ከአፈሩ ከፍ ብሎ፣ የምስር ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች። ጣቴን ላስጠጋ ብዬ መለስኩት። ሌላኛው ጎን ላይ ሁለተኛዋ ነበረች።

ለማንም አልተናገርኩም። ለፈቲያም አልነገርኳት። ብናገር ሰጠኋቸው ማለት ነበር። ብርድ ልብሱን እንደነበረ መልሼ አልብሼ፣ ክፍሌ ገብቼ፣ መጽሐፍ ገልጬ አንድ ገጽ ላይ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ።

ወደ ማታ ተመለሱ። ነጠላቸው ውስጥ የአራሷ ቤት የሆነ ነገር ይዘዋል፤ ሽታው ከሩቅ ይመጣል። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ወደ በትሩ ሄዱ። በመስኮቴ ስንጥቅ አያቸዋለሁ። ልብሱን ገለጥ አደረጉ፤ አዩ፤ መለሱት። ሄዱ። ቆሙ። ተመለሱና እንደገና ገለጡት። ከዚያ ያለ ድምፅ በርከክ አሉ። ነጠላቸው ውስጥ የነበረው ግንጣይ መሬት ላይ ሲወድቅ አላዩትም።

«ወንዲ» አሉ ቀስ ብለው። «ና እስቲ። ዓይኔ ነው?»

ወጣሁ። ጎንበስ ብዬ እንደ አዲስ አየሁ። «ምኑ?»

«ይቺ።»

«ኧረ! እውነትም!» አልኩ። ውሸት አልችልበትም፤ ቀና ብለው አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ክንዴን ተደግፈው ተነሡና ወደ ብሎኬቱ ተጠግተው ቆሙ። የሚያወሩለት ላም የላቸውም። የውኃ በርሜሉን ሁለቴ ቸብ ቸብ አደረጉት።

«በርሜል» አሉ ጮክ ብለው፤ «የኦቦ ኢቲቻን ሐረግ የሰረቀው ሰው ተሳክቶለታል አሉ።»

በማዶ አንድ ሰው ረጅም ትንፋሽ ሲለቅ ሰማን። «ያ ዋቃ! ተመስገን!» የሚል ድምፅ መጣ፤ የዱካ መንቀሳቀስም ተከተለ።

ፈቲያ ከሥራ ስትመለስ እትዬ ሮማነወርቅ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው አገኘቻቸው። ራት አልበሉም። በሩን አልቀረቀሩትም። ዳቦ ሊጋግሩ ያቦኩት ሊጥ እንደተሸፈነ ነው። በሩን ገርበብ ሳደርግላቸው የሚያንኮራፉት ማንኮራፋት የብሎኬት ማሽን ያስንቅ ነበር። ብርድ ልብሴ በትሩን እንደሸፈነ መሆኑን አረጋገጥኩ። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ገና ቀይ ነበር፤ ሚኒባሶቹም ገና «አሸዋ ሜዳ! ከታ!» እያሉ ይጣሩ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል።